ክፍል 1፣ ክፍል 2

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፍላሽ ተቀብለው ፊልም ከሚጭኑት ሱቆች አንዱ ውስጥ ነኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ሥር «የድሮ ኮሜዲ» የሚል ፎልደር አለ። ሲከፈት አንዱ ሥራ ሁለት ሁለት ፋይል ሆኖ ተደርድሯል፤ 1 እና 2 እየተባለ። የቪሲዲ ዐሻራ ነው።

ቪሲዲ ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ በ1993 እ.ኤ.አ. ደንቡን ያወጡለት፣ በመልኩ ከሙዚቃ ሲዲ የማይለይ ዲስክ ነው። የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል በመሆኑ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም አይበቃውም፤ ስለዚህ ለሁለት ይቆረጣል። ቆራጩ ለታሪኩ አይጨነቅም፦ ገጸ ባሕርይዋ በር አንኳኩታ «ማነው?» ሳትባል ክፍል 1 ሊያልቅ ይችላል።

ከእሱ በፊት ቤቱን የያዘው የቪኤችኤስ ካሴት ነበር። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ምስሉ እየደበዘዘ፣ ቀለሙ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ የቅጂ ቅጂ ላይ ተዋናዩን የሚለዩት በድምፁ ነው። ዲስክ ግን መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አያንስም። ለተመልካች ሲሳይ፣ ለባለሥራው ኪሳራ! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶም አዟሪው ኮፒውን በየካፌው ማዞሩን አልተወም።

የቴሌቪዥን ትርኢት ነገር ደግሞ ይብሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ አባባ ተስፋዬ ብቻቸውን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረውበታል። ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን አሮጌውን ደምስሶ አዲስ መቅዳት የብዙ አገር ጣቢያዎች ልማድ ነበር፤ ባለጠጋው ቢቢሲ እንኳ ከ«ዶክተር ሁ» ከ90 በላይ ክፍሎች ጠፍተውበታል። እንግሊዞቹ የተረፈውን በሳጥን አሽገው ይሸጣሉ። የአባባ ተስፋዬን ዓመታት በቅደም ተከተል የያዘ እንዲህ ያለ ሳጥን ግን መደርደሪያ ላይ አይቼ አላውቅም። በእኔ አስተያየት ገዢ ጠፍቶ አይደለም፤ ያደጉበትን ትርኢት ለልጆቻቸው ማሳየት የሚሹ ወላጆች እዚህም ሆነ ዋሽንግተን ሞልተዋል።

እስከዚያው ገበያው ፍላሽ ላይ ነው። 32 ጊጋ ፍላሽ የ40 ቪሲዲ ያህል ይይዛል። ችግሩ ጥራቱ ነው፦ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ የሚወዛወዝ እጅ ወደ አራት ማዕዘን ብጥስጣሽ ይቀየራል። ሻጩም አይዋሽም፤ «ጋሼ፣ ይሄን በስልክ ቢያዩት ይሻላል» ብሎ መጫኑን ይቀጥላል።