የምሩቃን ውለታና የተማሪው ስንቅ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ ችግረኛ ተማሪዎች ስለሚደረግ ድጋፍ ሲነሳ፣ አስቀድሞ መለየት ያለበት ድጋፉ የትኛውን ወጪ ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ ነው። በብዙ አገሮች ነፃ የትምህርት ዕድል ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የትምህርት ክፍያ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት ግን ተማሪው ሲመዘገብ ሳይከፍል እንዲማር፣ ድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ እንዲመልስ ያደርጋል። ስለዚህ የድሃ ገበሬን ልጅ ከግቢ የሚያስወጣው በአብዛኛው የመማሪያ ክፍያ ሳይሆን፣ በየትኛውም በጀት ውስጥ ያልተያዙ፣ ሲታዩ ጥቃቅን የሚመስሉ ወጪዎች ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎች ልግስና ቦታውን የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ወጪዎች ምን እንደሆኑ ለመረዳት ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢዎች የሚያወጡትን የጥሪ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። ማስታወቂያው ተማሪው ከትምህርት ማስረጃዎቹ ዋናና ቅጂ፣ ከጉርድ ፎቶግራፉም ጋር ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲቀርብ ያሳስባል። ለምሳሌ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት የባሌዋ ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባም በመንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ደጋ ከተማ በመሆኗ፣ ከቆላ አገር ወደዚያ የተመደበ ተማሪ የአውቶቡስ ክፍያውን እንደምንም አሟልቶ ቢደርስ እንኳ የባሌን ብርድ የሚመክትበት ልብስ ላይኖረው ይችላል። ከዚያም የጽሑፍ ማባዣ፣ የሳሙና፣ የሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጃና ለዕረፍት አገር ቤት መመለሻ ወጪ ይከተላል። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ብቻ ሆኖ መቆየቱ ሲታሰብ፣ ከቤቱ ምንም የማይላክለት ተማሪ በምን ያህል ጥበት እንደሚያልፍ መገመት አያስቸግርም።

ተመራቂው የወጪ መጋራቱን ከፍሎ ሲጨርስ ዕዳው እንደተዘጋ ሊሰማው ይችላል፤ በሕግ ረገድም ተዘግቷል። ይሁን እንጂ ደንቡ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ በተማሪው ላይ ቢያደርግም፣ ከማስተማሪያው ወጪ እንዲሸከም የሚጠይቀው ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። የተረፈውን የከፈለው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው፤ ከእርሱም መካከል በባሌ ወረዳዎች በሲናናና በአጋርፋ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው፣ የገዛ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ያልገባለት ገበሬ ይገኛል። ይህ ውለታ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይጻፍም፤ የሚመለሰውም በፈቃድ ብቻ ነው።

በባሌ ይህን ውለታ ሊመልሱ የሚችሉ ሰጪዎች ሁለት ወገን ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ምሩቃንና የአካባቢው ተወላጆች። መዳ ወላቡ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመሩት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከመላው አገሪቱ ስለሚመደቡ ምሩቃኑም ተበታትነው ይኖራሉ፤ ለብዙዎቹ ሮቤ የተማሩባት እንጂ የተወለዱባት ከተማ አይደለችም። በአንጻሩ ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን አካባቢው ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረው፣ የአገሩ ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐረማያ መሄድ ነበረባቸው። ግቢውን የሚያውቁት ምሩቃንና አገሩን የሚያውቁት ተወላጆች በአንድ ማኅበር ቢሰባሰቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ቀድሞ የተማረ ለተከታዩ የሚደርስበት ሥርዓት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በካይሮ በሚገኘው አል አዝሃር ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የጀበርቶች ሪዋቅ የተባለ ክፍል ነበር፤ ሪዋቅ ማለት የአንድ አገር ተማሪዎች አብረው የሚያድሩበትና ቀለብ የሚሰፈርላቸው ማረፊያ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አብዱራህማን አል ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ከተገኘበት ቤተሰብ አባቶች አንዱ ከዚሁ ቀንድ ለትምህርት የሄደ ሲሆን፣ የሪዋቁ አለቅነት በዘሩ ውስጥ ለትውልዶች ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች የቆሙት በወቅፍ ነበር። ወቅፍ ዋናው ሀብት ሳይሸጥና ሳይወረስ፣ ገቢው ብቻ ለታሰበለት በጎ ተግባር የሚውልበት የስጦታ ሥርዓት ነው። በአሜሪካም የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን እ.ኤ.አ. በ1890 ያቋቋሙት ፈንድ በየዓመቱ ከብዙ ሰዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከሁለቱ አንድ ላይ የሚወሰደው ትምህርት፣ መዋጮው የማይቋረጥ፣ ሀብቱም የማይነካ ሊሆን እንደሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሀብቱ በምን መልክ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከአሰባሰቡ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በቁጠባ ደብተር የተቀመጠ ፈንድ በቁጥር እያደገ በአቅም ይሟሽሻል ማለት ነው። በተጨማሪም ብዙኃኑ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ በወለድ ላይ የቆመ ፈንድ ብዙ ሰጪዎችን ያርቃል። ስለዚህ ዋናውን ገንዘብ በሚከራይ ሱቅ ወይም በተማሪዎች ማደሪያ ቤት ላይ ማዋልና ለዕለት እንቅስቃሴው ከወለድ ነፃ ሒሳብ መክፈት ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላል። ሌላው ቢቀር 1,000 ምሩቃን በየወሩ 100 ብር ቢያዋጡ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የቤት መነሻ ይወጣዋል።

ድጋፉን የማከፋፈሉ ሥራ ደግሞ የተማሪውን ክብር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ከቀበሌ የሚጻፍ የችግረኝነት ማስረጃ ለመነሻ ቢያገለግልም፣ ደብዳቤ የማጻፊያ ሰው የሌለውን እጅግ ድሃ ተማሪ ሊያስቀር ስለሚችል፣ የተማሪዎች ዲን ቢሮ፣ መምህራንና የማደሪያ ኃላፊዎች የሚያዩትም በመመዘኛው ሊካተት ይገባል። ተረጂውን በሰልፈኛ ፊት ብርድ ልብስ አስታቅፎ ፎቶግራፍ ማንሳት ግን ሌላውን ችግረኛ ከመጠየቅ ያሳፍራል፤ ለሰጪው የሚቀርበው ማረጋገጫ የተማሪው ፊት ሳይሆን የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ስለሚፈቅድ፣ ለዚህ የሚሆን ማዕቀፍ አለ።

የመዳ ወላቡ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ዛሬ ደመወዝና ቤተሰብ ያላቸው፣ የሥራ ዘመናቸው አጋማሽ ላይ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ሀብታም እስኪሆኑ ከተጠበቀ በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ ያለ ስንቅ ይከርማል። በአንጻሩ ዛሬ በትንሽ ወርኃዊ መዋጮ የሚጀምር ፈንድ ተረድቶ የተመረቀውን ያለ ምንም የግዴታ ፊርማ ወደ ሰጪነት ያሸጋግራል፤ ከዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች እኩል ለትውልድ የሚተላለፍ ሀብትም ይሆናል።