የሠራ ሁሉ ያገኛልን?



ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ለጉብኝት የመጡ ወንድሞችና እህቶች ከመኪና ወርደው አገሩን ሲመለከቱ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው እንዲህ አምሮ በሚታይበት አገር ሰው የሚደኸየው በስንፍናው ብቻ ነው ይላሉ። ነገሩ ለጊዜው እውነት ይመስላል። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ትርፍ አምራች ተብሎ የታወቀ ነውና። ሴፍቲ ኔት የተባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመርም ትኩረቱ ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች ላይ ነበር። እኛም የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው ስብሰባ «የሠራ ያገኛል» እያልን ስናስተምር ኖረናል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳልሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ይህ አባባል በእኛ አገር እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ መሬቱን እንመልከት። ቀድሞ በጎጃም መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ሐረግ ሲሆን፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ከመጀመሪያው ርስተኛ የደረሰ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። በወሬ ደረጃ ይህ ለሁሉ እኩል ነበር፤ በተግባር ግን ሙግቱን የሚረታው ጊዜና ገንዘብ ያለው፣ ከዳኛም የሚቀርብ ሰው ነበር። ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ «ቡዳ» እየተባሉ ከሙግቱም ውጭ ኖሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ነቀፈ እንጂ መሬት አልሰጠም። ማረሻውን የሚሠራው ሰው ራሱ የሚያርስበት መሬት አልነበረውም ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። ያን ጊዜ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥልጣን ነበራችሁ ተብለው «ቢሮክራት» የሚል ስም የወጣላቸው ሰዎች 4 ጥማድ፣ ማለት 1 ሄክታር ያህል ብቻ ተተወላቸው። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ከተቀነሰባቸው መካከል በማኅበሩ ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል ኃላፊነት ብቻ የነበራቸውም ይገኙበታል። በሌላ በኩል ብዙ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ያገኙት በዚሁ ድልድል ነው። ስለ ፍትሐዊነቱ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። ለጉዳያችን ዋናው ነገር ከዚያ ወዲህ በክልሉ አጠቃላይ ድልድል አለመደረጉ ነው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር። አባቱ 4 ጥማድ ደርሶት አራት ወንዶች ልጆች ቢወልድ ለእያንዳንዱ የምትደርሰው 1 ጥማድ ናት። ጥማድ ማለት ደግሞ ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። እንግዲህ ይህ ጎልማሳ የዓመት ኑሮውን የሚመሠርተው በአንድ ቀን እርሻ ላይ ነው።

«ታዲያ የሌላ ሰው መሬት ተዋውሎ አይሠራምን?» የሚል ይኖራል። ይሠራል። ነገር ግን የእኩል ሲያርስ የምርቱ ግማሽ ለባለመሬቱ ነው። በሬም ያስፈልገዋል። አንድ በሬ ያለው፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ምንም የሌለው ግን ለበሬው ባለቤት በጉልበቱ ያገለግልና በሬውን በተራው ይዋሳል፤ ተራው የሚደርሰውም ባለቤቱ የራሱን ማሳ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጤፍ ደጋግሞ መታረስን የሚወድ እህል መሆኑን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ አርሶ ዘግይቶ ይዘራል። ማዳበሪያ በጊዜው የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። እህሉን ዕዳ ለመክፈል ገና ከአውድማ ሳይርቅ በርካሽ ይሸጥና ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ከጎረቤቱ እኩል ማለዳ ተነሥቶ፣ ምናልባትም ከእርሱ የበለጠ ደክሞ፣ በመኸር ማሳው ሲታይ ግን «ሰነፍ» የሚባለው እርሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባገለገልሁበት አንድ ፕሮጀክት ለከብት ማድለቢያ ብድር እንሰጥ ነበር። ተበዳሪው የመሬት ደብተር ያለው፣ ቢያንስ አንድ በሬ ያለውና ጥቂት መዋጮ የሚያስቀድም ይሁን ብለን መመዘኛ አወጣን። ምክንያታችን ክፉ አልነበረም፤ ብድሩ ተመልሶ ለሌላው እንዲተርፍ አስበን ነው። ማስታወቂያውን በስብሰባ ላይ ለሁሉም አነበብሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ደብተርም በሬም ያለው ሰውማ የእናንተ ብድር ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ለጊዜው ታገሥ፣ ያንተም ቀን ይመጣል» አልሁት። ብድሩ ሁሉ ተመለሰ። በሪፖርቴም ዕድሉ ለቀበሌው ነዋሪ ሁሉ እኩል መሰጠቱን ጻፍሁ፤ ማስታወቂያው ለሁሉ ተነቧልና። ያ ልጅ በኋላ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በቋንቋችን «ዕድል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ማለት ነው። ሰው ሠርቶ የሚያድግበት አጋጣሚም ዕድል ይባላል፤ ሰው ሳይጠይቅ የደረሰው ዕጣም ዕድል ይባላል። በሪፖርቴ የጻፍሁት የመጀመሪያውን ነበር፤ የወጣቱ ጥያቄ ግን ስለ ሁለተኛው ነበር።

ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለሁሉም አንድ ነው። በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስንቋን በየሳምንቱ ከገጠር ተሸክማ በከተማ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅና አስጠኚ የሚመጣላት ልጅ በዚያ ወንፊት የሚያልፉት በአንድ ዓይነት አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል፤ ፈተና ላይ እንኳ ሊቀመጡ ያልቻሉ አሉ።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በየሃምሳው ዓመት እያንዳንዱ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ የተሰጠውን ሥርዓት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያን ጊዜ ያላስተዋልሁት፣ ሥርዓቱ መሬቱን ያጣው ሰው ትጉ ይሁን ሰነፍ አለመጠየቁን ነው።

አሁን ለሚመጣው የእርሻ ወራት አዲስ የመመዘኛ ቅጽ አዘጋጅተናል። የመሬት ደብተር የሚለውን መስመር ሰርዘናል። በሬ የሌላቸው ሁለት ወጣቶች በአንድ ብድር ሁለት በሬ ገዝተው መቀናጆ እንዲገቡ፣ ክፍያውም እህል ዋጋ በሚያወጣበት በክረምት እንዲሆን አስበናል። የኮሚቴው አባላትም ከባለበሬዎች ብቻ እንዳይመረጡ ተስማምተናል፤ በዚህ ላይ ክርክሩ ገና አላለቀም። ከእነዚህ ብድሮች አንዳንዱ ላይመለስ ይችላል። በሬ ሊሞት፣ መንገድ ሊዘጋ፣ ወጣቱም ሊሰደድ ይችላል። በሚቀጥለው ሪፖርታችን ላይ የምታነቡት ቁጥር ካለፈው ያነሰ ቢሆን፣ ገንዘቡን የላካችሁልን ጉባኤዎች ምክንያቱን አስቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው ይህን የጻፍሁት።