ኢኮኖሚክስ የት ልማር? የግቢው ስም ምን ያህል ይጠቅማል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት እንደወጣ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ልሙላ?» ኢኮኖሚክስ መማር የምትፈልጉ ከሆነ፣ «ስም ያለው ግቢ ሙሉ፤ ከዚያ የወጣ ሥራ አያጣም» መባላችሁ አይቀርም። ምክሩ እውነት ይመስላል። ግን በምን እናረጋግጣለን?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስመ ጥር ግቢዎች ገና ከመጀመሪያው ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች ይቀበላሉ። እነዚህ ልጆች ሌላ ቦታ ቢማሩም ጎበዞች ናቸው። ታዲያ ተመርቀው ጥሩ ደመወዝ ሲያገኙ ያሳካላቸው ግቢው ነው ወይስ ድሮም የነበራቸው ጉብዝና? ሁለቱን ሳይለዩ መደምደም የሚያመጣውን ስህተት ኢኮኖሚስቶች «ሰሌክሽን ባያስ» ይሉታል።

ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚለዩበት ዘዴ አገኙ። በ1976 እ.ኤ.አ. ኮሌጅ ከገቡ ተማሪዎች መካከል፣ ያመለከቱባቸውና የተቀበሏቸው ኮሌጆች ደረጃ ተመሳሳይ የሆነውን አወዳደሩ። አንዳንዶቹ ለመግባት ይበልጥ ከባድ ወደሆነው ኮሌጅ ሄደዋል፤ ሌሎቹ ያን ያህል ከባድ ወዳልሆነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ19 ዓመት በኋላ በገቢያቸው መካከል በአማካይ ያን ያህል ልዩነት አልነበረም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ግን ከባዱ ኮሌጅ መግባታቸው ጠቅሟቸዋል። አንዱ ምክንያት ትውውቅ ሊሆን ይችላል፦ የሀብታም ልጅ ሥራ የሚጠቁመው ሰው በቤተሰቡ በኩል አለው፤ የድሃው ልጅ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያገኘው ግቢ ውስጥ ነው።

አሜሪካና ኢትዮጵያ አንድ አይደሉም። ጥያቄው ግን እኛም ጋ ይሠራል። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አስቡ።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመደባችሁ ማለት ኢኮኖሚክስ ገባችሁ ማለት አይደለም። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ግቢ ከገባችሁ በኋላ፣ በውጤት ተወዳድራችሁ ነው። ጎበዝ የበዛበት ግቢ ፉክክሩም ይበረታል።

ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። በአንድ የትምህርት መስክ ያለ ተማሪ የትም ይማር የት የሚፈተነው አንድ ዓይነት ፈተና ነው፤ ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። እዚያ ላይ የግቢው ስም አይረዳችሁም።

ሦስተኛ፣ ኢኮኖሚክስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የዋጋ ንረትና የባንክ ወለድ ጉዳይ ከሳባችሁ ኢኮኖሚክስ ይሻላችኋል። የቡና ገበሬ ከገበያው ዋጋ ምን ያህሉ እንደሚደርሰው ማወቅ ካጓጓችሁ ግን፣ እንደ ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የግብርና ኢኮኖሚክስ ተመልከቱ። ሒሳብና ስታቲስቲክስ ከሁለቱም አይቀሩም።

ግቢውን የሚያውቁ ሲኒየሮችን ስታገኙም «ስሙ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሏቸው። «ኢኮኖሚክስ ለመግባት ስንት ውጤት ይጠይቃል? ተማሪው በእውነተኛ መረጃ ላይ ይሠራል ወይስ ሃንድአውት ብቻ ያነባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰባችሁ ውስጥ ሥራ የሚጠቁም ሰው ከሌለ ደግሞ «ተመራቂዎቹ የት ተቀጠሩ? አዲሶቹንስ ይረዳሉ?» የሚለውን ጨምሩበት።