የበኩሩ ዐፅምና የተዘነጋችው ትእዛዝ

እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለው ዋሻ ውስጥ፣ ድንጋይ ከተከመረበት መቃብር የ4,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ዐፅም በወጣ ጊዜ፣ በጋሞኛ ባይራ፣ ማለትም በኩር፣ የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም ውሎ አድሮ ግብሩ ሆነ፤ በ2015 ከጆሮው ሥር ካለው ጽኑ አጥንት የተወሰደው ዲኤንኤ ተነብቦ፣ ከአፍሪቃ ጥንታውያን መካከል ጂኖሙ የታወቀለት ቀዳሚ ሰው ሆኗልና።

ተነበበ ማለት ግን በአፍ ይቀላል። ማሽኑ ጂኖምን እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር አይደግመውም፤ አይጥ እንደ በላው ብራና ተበጣጥሶ የቀረበለትን ቁርጥራጭ በብዙ ሚሊዮን እየለቀመ ይገለብጣል እንጂ። የበኩሩ እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ ከ12 ጊዜ በላይ መነበቡም አንዱ ቅጂ የሌላውን ግድፈት እንዲያርም ነው።

ማሽኑ የገለበጠው የሚቀመጥበትን፣ ፋስትኪው የሚሉትን ፋይል የከፈተ ጀማሪ የሚያየው አራት አራት መስመር ነው፤ በአንደኛው የቁርጥራጩ መለያ፣ በሁለተኛው ኤ፣ ሲ፣ ጂና ቲ የተባሉት ፊደላት፣ በሦስተኛው የመደመር ምልክት፣ በአራተኛው ደግሞ ዶሮ የጫረችው የሚመስል የምልክት ጉራማይሌ ይታየዋል። ይህ አራተኛው የማሽኑ ኑዛዜ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ቁጥርን ይወክላልና፣ 30 የተሰጠው ፊደል ስሕተት የመሆን ዕድሉ ከ1,000 አንድ ነው ማለት ነው። የዘመኑ ደቀ መዝሙር ግን (ይህን ስል ራሴንም አላወጣም) ቁም ንባብ ሳይዘልቅ ቅኔ ቤት ለመግባት እንደሚጣደፍ ተማሪ፣ ኑዛዜውን ዘሎ ወደ ውጤቱ ሥዕል ይሮጣል።

የበኩሩን ጂኖም ያነበቡትን ሊቃውንትም ያሰናከለቻቸው እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ነበረች። ሳምቱልስ ከተባለው ፕሮግራም የወጣው መረጃ ፕሊንክ ለተባለው እንዲስማማ የምታደርግ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ሳትሠራ ታለፈች፤ በዚህም በኩሩ ከማነጻጸሪያው ጂኖም ጋር በሁለቱም ቅጂው የሚስማማባቸው ቦታዎች መረጃ እንደሌላቸው ተቆጥረው ወጡ። ማሽኑ አላጉረመረመም፤ ቁጥሩን ሰጠ። ከምዕራብ እስያና ከአውሮፓ ወገን ወደ አፍሪቃ የተመለሱ ሰዎች ዘር እስከ ዮሩባና እስከ ምቡቲ ሕዝቦች ደረሰ ተብሎም ታተመ።

በሐርቫርድ ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ስሌቱን ቢደግሙት ውጤቱ አልመጣ አላቸውና ለጸሐፊዎቹ አስታወቁ፤ እነዚያም ሳይከራከሩ በ2016 እርማት አወጡ። የተጣሉት ቦታዎች ሲመለሱ፣ ለማነጻጸሪያ ከተያዙት 256,540 ቦታዎች 255,922ቱ ከበኩሩ ሊነበቡ ቻሉ፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ የመጣው ፍልሰት ጸና፣ የዮሩባና የምቡቲ ነገር ግን ቀረ። ከጽሑፉም ርእስ መላው አፍሪቃ የሚለው ተፍቆ በምሥራቅ አፍሪቃ ተተካ።