ከማስጠንቀቂያ እስከ ውሳኔ

ድርቅ በአንድ ሌሊት አይደርስም። ዝናቡ ከቀረበት ጊዜ አንሥቶ ገበሬው በሬውን ሸጦ ቀዬውን ጥሎ እስከሚወጣበት ድረስ ወራት ያልፋሉ። የአሠራር ሥርዓት ጥቅም የሚመዘነውም እነዚህን ወራት ለማዳን በመቻሉ ነው።

ኢትዮጵያ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሥር ነበር። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1984 ከ5 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ። የሚያስፈልገው እህል ወደ 900 ሺህ ቶን እንደሚደርስ ቢገመትም፣ የማጓጓዣ እጥረት ስላለ የጠየቀው 450 ሺህ ብቻ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት አጥኚ ቡድን ደግሞ የወደቡን አቅም መነሻ አድርጎ 125 ሺህ ቶን አለ። ስለዚህ ክርክሩ መርከብና መኪና ምን ያህል ይሸከማሉ በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ የተራበው ሰው ፍላጎት ከስሌቱ ወጣ። መንግሥትም በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ተጠምዶ ነበር። እርዳታው በስፋት የጎረፈው በጥቅምት የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ የታጣው ማስጠንቀቂያውን ከገንዘብ ጋር የሚያስር ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ይህን ሞከረ። በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገበው ዝናብ ከተወሰነው መጠን ቢያንስ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል፣ አክሳ ሬ ከተባለ የጠለፋ መድን ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዝናቡ መልካም ስለነበር ክፍያ አልተፈጸመም።

በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ሊፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። የየ10 ቀኑን ዝናብ ሰብሉ በየዕድገት ደረጃው ከሚሻው ውኃ ጋር ያመዛዝናል። ማሽላ በሚያብብበት ጊዜ የጎደለ ውኃ በኋላ በሚጥል ዝናብ አይካካስም፤ ውጤቱ ከመቶ 50 በታች ከወረደ ሰብሉ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከዚህ ተነሥቶ የተረጂው ሕዝብ ቁጥርና የሚያስፈልገው ወጪ ይተመናል። የእህል ዋጋ መናርን፣ የከብት በሽታንና ጦርነትን ግን ዝናብ መለኪያ አያሳይም፤ ይህን የሚያውቀው የወረዳው ባለሙያ ነው።

በ1984 መጨረሻ በተጀመረውና ወደ 600 ሺህ ሕዝብ በተጓጓዘበት የሠፈራ ዘመቻ የታየውም ተመሳሳይ ጉድለት ነበር። ለም መሬትና ዝናብ ተቆጥረው፣ ደገኛውን ሠፋሪ የሚጠብቀው ወባና በመተከል ቀድሞ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ በቂ ግምት ሳይሰጣቸው ቀሩ።