ቁርሱ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ይህ ለኮልፌ ቀራኒዮ ቀላል ነገር አይደለም። ከአየር ጤና እስከ አስኮ በተዘረጋው ክፍለ ከተማ፣ በተለይ በዘነበወርቅና በቆሼ ዙሪያ፣ በጉሊትና በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤት ብዙ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ምግቡ ይቀራል። የቤቱ ገቢ ያው ነው፤ የልጁ ሆድ ግን ሰፍቷል።

ለምን እዚያ ላይ? በጀት ስለማይበቃ ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን በጀት የሚከተለው ምክንያት አለ። ከተማ አስተዳደሩ ምገባውን በራሱ በጀት ከመያዙ በፊት የእናት ወግ የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር ሲያበላ፣ መነሻው የልጅ ረሃብ ነበር። ወደ መንግሥት ዕቅድ ሲገባ መከራከሪያው ሌላ ሆነ፦ ምገባ ማቋረጥንና መቅረትን ይቀንሳል፤ የሰው ሀብት ያለማል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ገንዘብም ያስገኛል። ችግሩ በዚህ ሚዛን የገባ ምግብ በዚሁ ሚዛን መውጣቱ ነው። ታችኛው ክፍል ላይ ሥርዓቱ ልጁን ትምህርት ቤት ለማቆየት ይሠራል፤ ላይኛው ክፍል ሲደርስ ግን ማን እንደሚያልፍ ለመለየት ይሠራል።

መለየቱ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርት ዘርፍ ጥናት የትምህርትን ወጪ ከአገሪቱ አቅምና ከገጠሩ ፍላጎት ጋር ለማስታረቅ ሲል ለብዙኃኑ ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አሰበ። በስሌት ደረጃ ለገጠሩ ልጅ የተሻለ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ወላጅና መምህር ግን የድሃ ልጅ እንዳያልፍ የተዘጋ በር አድርገው አዩት፤ በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፣ አብዮቱም ከዚያ ወር ተቀጣጠለ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ 70 በ30 መጣ፦ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ኢንዱስትሪው ይመጣል በሚል ተስፋ ኮታው ቀደመ። ፋብሪካው ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም፤ ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ያነጠፈው ወጣት የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

አሁን ያለው መለያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ። ኩረጃና ስርቆት ውጤቱን ትርጉም አሳጥተውት ስለነበር እርምጃው ተገቢ ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. የማለፊያ ምጣኔው 8.4 በመቶ ደርሷል።

ቁጥሩ ሥርዓቱን በሐቅ መዝኖታል። የተማሪው ሸክም ግን አልተመዘነም። ሥርዓቱ 12 ዓመት የሰበሰበው ጉድለት በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ልጅ ውድቀት ሆኖ ይመዘገባል። አየር ጤና ላይ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ሳይሆንለትም የግል ኮሌጅ ይከፍላል። ቆሼ አጠገብ ያለችው ልጅ ከትምህርት መልስ እናቷን ጉሊት ላይ ታግዛለች፤ ማታ ስታጠና እራቷ ምን እንደነበር የሚጠይቅ መዝገብ የለም። የሁለቱም ውጤት በአንድ መስፈርት ይነበባል።

የልጅ ደኅንነት ከኢኮኖሚው ጋር የሚሻማ ቅንጦት ነው የሚል ሐሳብ የተሳሳተ ይመስለኛል። ግን የልጅ ደኅንነት ሁልጊዜ በትርፍ ቋንቋ ካልተከራከሩለት የማይደመጥ ከሆነ፣ ትርፉ በማይታይበት ቦታ ሁሉ ይተዋል። 9ኛ ክፍል እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ውጤት የሚለቀቅበት ቀንም እንዲሁ፦ ልጁ ውጤቱን ለብቻው ከስልኩ ላይ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበለው ወላጁ ነው፣ ወላጁም ብዙ ጊዜ እንደ ልጁ የደነገጠ ነው። በየሁለተኛ ደረጃው ያንን ሳምንት ተማሪዎቹን ጠርቶ የሚያነጋግርና የማካካሻ (ሬሚዲያል) ትምህርቱን፣ ቴክኒክና ሙያውን፣ ዳግም መፈተኑን አንድ በአንድ የሚያስረዳ አማካሪ መመደብ ከምገባው እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ምገባውን ወደ 9ኛ ክፍል ማሳደጉ ግን ውድ ነው፤ ክርክሩም በግልጽ መካሄድ ያለበት እዚያ ላይ ነው።