ፍጥነት ለወደደ ልጅ፣ የመጀመሪያው ትራክ የትኛው ይሁን?

መኪና የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ጎማ ስፋት የሚያወራውን ያህል ስለ ትምህርቱ አያወራም። ማታ ቁልፍ አንስቶ ሲወጣ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። «አትሂድ» ብትሉት ተደብቆ ይሄዳል፤ «ሂድ» ለማለት ደግሞ አንጀት አይችልም።

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምኖር፣ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁ አባት ነኝ። ልጄን ከመከልከል ይልቅ የሚነዳበትን ቦታ አብሬው መምረጥን መረጥኩ። እንዴት እንደመረጥን ብነግራችሁ፣ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በውጭ አገር ላለ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል።

በመጀመሪያ ሕጉ አለ። በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ እንደ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይታይም። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል፤ መዝገቡም ልጁ ሥራ ሲያመለክት ይከተለዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መንገድ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አለ።

ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ መንገድ ላይ እንዳልሞክረው ከፈለግህ ትራክ ላይ ልሞክረው» አለኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ይህንን በስልክ ስትሰማ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ! ሰው ገንዘብ ከፍሎ አደጋ ይገዛል?» ብላ ተቆጣች።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። የትራክ ቀን ውድድር አይደለም። አሸናፊ የለም፣ ሽልማት የለም። ሰው በራሱ መኪና በተዘጋ የእሽቅድምድም መንገድ ላይ መንዳት የሚማርበት ቀን ነው። ነጂዎች እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ። ደህና አዘጋጅ ባለበት፣ ከጀማሪው ጎን አሰልጣኝ ይቀመጣል። አንዱ ዙር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ ይደጋገማል። ጀማሪዎች መቅደም የሚችሉት በተፈቀደ ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ያለው ነጂ በእጁ «እለፍ» ብሎ ሲያመለክት። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል።

«ታዲያ ጎኑ የሚቀመጠው ሰውዬ ቤተሰብ የለውም?» አለችኝ እናቴ። አሰልጣኞቹ ለዓመታት የነዱ ሰዎች እንደሆኑ ብነግራትም እስከ ዛሬ ድረስ አልተዋጠላትም።

ምርጫው ላይ ስንደርስ ልጄ የጠራልኝ ስመ ጥሮቹን ነበር። አንዱ በ1957 የተከፈተው ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ነው፤ ሙሉ ዙሩ 5.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 17 መታጠፊያዎች አሉት። ሌላው ኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው ዋትኪንስ ግሌን ነው፤ ከ1961 እስከ 1980 የፎርሙላ ዋን ውድድር ይካሄድበት ነበር። ሁለቱም ግሩም ቦታዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ቀን ግን የስም ትልቅነት መመዘኛ ሊሆን አይገባም። እኛ በአራት ነገሮች መዘንናቸው።

አንደኛው የመንገዱ ዳር ነው። መኪናው ከመንገድ ቢወጣ ምን ያገኘዋል? ሰፊ ሣር ከሆነ ልጁ ደንግጦ፣ ጎማው ጭቃ ይዞ ይመለሳል። ዋትኪንስ ግሌን ላይ ግን በብዙ ቦታ ሰማያዊ የተቀባ የብረት አጥር ከመንገዱ አጠገብ ቆሟል። ልምድ ላለው ነጂ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለጀማሪ ትንሿ ስህተት ብረት ላይ ታርፋለች።

ሁለተኛው የቀጥታው መንገድ ርዝመት ነው። ቀጥታው በረዘመ ቁጥር መኪናው መታጠፊያው ላይ የሚደርሰው በበለጠ ፍጥነት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ለከተማ የተሠራ መኪና ደጋግሞ እንዲህ ሲያዝ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ስሜት ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ሦስተኛው እይታ ነው። ዳገት ወጥቶ ማዶው የማይታይ መታጠፊያ ያለበት ትራክ መንገዱን በቃል ላወቀ ሰው ይስማማል። ጀማሪ የሚሄድበትን ማየት አለበት።

አራተኛው የዙሩ ርዝመት ነው። አጭር ትራክ ላይ ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያንኑ መታጠፊያ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። የተሳሳተውን ሳይረሳ ተመልሶ ያርመዋል። ረጅሙ ላይ ገና መንገዱን ሲያጠና ቀኑ ይመሻል።

በዚህ መመዘኛ ዌስት ቨርጂኒያ ያለውን ሰሚት ፖይንትን መረጥን። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በግቢው ውስጥ በርካታ ትራኮች አሉ። ዋናው 3.2 ኪሎ ሜትር፣ አሥር መታጠፊያና ፍሬን የሚፈትን ረጅም ቀጥታ መንገድ አለው። ሸናንዶዋ የሚባለው ጥምዝምዙ የበዛ ነው። ጄፈርሰን ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አጭሩ ነው፤ ለማሰልጠኛም ይጠቀሙበታል። ልጄ በጄፈርሰን ጀመረ።

ጠዋት ስለ ባንዲራዎቹ ትምህርት ተሰጠ። ቢጫው አደጋ አለ ተጠንቀቅ፣ ቀዩ ተቆጣጥረህ ቁም፣ ጥቁሩ ወጥተህ ግባ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጀማሪ ዞሮ ሣር ላይ ወጣ። ከአሰልጣኙ ጋር ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ መኪናው ሣር ከመልበስ በስተቀር ምንም አልሆነም። ልጄም ከመኪናው ሲወርድ ስለ ፍጥነት አላወራም። ያስደነቀው ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከገመተው በላይ መሆኑ ነው።

ለምትዘጋጁ ጥቂት ነገር ልጨምር። መኪናው አስቀድሞ ጋራዥ ይግባ፤ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ የጎማ ጥርስና የጎማ ቡሎን ይታዩ። ባትሪው በደንብ የታሰረ፣ ዘይት የማያንጠባጥብ ይሁን። ሄልሜቱ ላይ «ኤስኤ» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ «ኤም» የሚለው ለሞተር ሳይክል የተሠራ ነው። ከዙር በኋላ ፍሬኑ ስለሚግል የእጅ ፍሬን አይሳብ። ኢንሹራንሱን ደግሞ በደንብ አንብቡ፤ ብዙ ውሎች በትራክ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይከፍሉም፣ ለአንድ ቀን የሚገዛ የተለየ ሽፋን ግን አለ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል፤ እሱንም ሳታነቡ አትፈርሙ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ስልክ የምትጠብቁ አያቶችም ብትሆኑ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ዳሩ ሣር ነው ወይስ ብረት? ጎንህ ማን ይቀመጣል? ፍሬኑን ያየልህ ማን ነው?» በሉት። ለሦስቱም መልስ ያለው ልጅ አስቦበታል ማለት ነው። መልስ ከሌለው ቀኑን ያራዝመው፤ ትራኩ የትም አይሄድም።